ባሕር የሸሸጋቸውን ስለ መፈለግ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



በሕገ ኦሪት አምሳኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር። ያን ጊዜ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ፥ በባርነት የተያዘም ሰው ወደ ዘመዱ ይገባ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የደስታ ዓመት ብቻ አይደለም፤ የመመለስም ዓመት ነው። በመመለስ ዓመት ደግሞ ያልተመለሰውን ሰው ማሰብ ይገባል። በምድር ላይ የሞተ ሰው ራሱ ባይመለስ ስንኳ መቃብሩ ይታወቃል፤ ዘመዱ በመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ያለቅሳል፥ ካህኑም ጽና ይዞ ይጸልይለታል። በጦርነት ጊዜ ከመርከቡ ጋራ የሰጠመ ባሕረኛ ግን ዘመድ የሚቆምበት አፈር፥ ስም የሚጻፍበት ድንጋይ የለውም። የዚህ ንግግር ነገር እንዲህ ስላሉ ሰዎችና ዘመዶቻቸው እነርሱን ፈልገው ስለሚያገኙበት መንገድ ነው።

ሬሳው ያልተገኘ ሰው ልቅሶ እንዴት እንደሚከብድ የኢትዮጵያ ሰው አሳምሮ ያውቃል። በሩቅ አገር ዘምቶ የሞተ ሰው መርዶው በመጣ ጊዜ ዘመዶቹ ልብሱንና መሣሪያውን አውጥተው፥ ፈረሱን ጭነው ያለቅሱለት ነበር። ይህም ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ካላገኘ ልብ አያርፍምና ነው። መርዶ የሰማች እናት ታለቅሳለች፤ ካለቀሰችም በኋላ ዕንባዋን አብሳ ተዝካሩን ታወጣለች። ልጅሽ ጠፋ የተባለች እናት ግን ማልቀስም ተስፋ ማድረግም አይሆንላትም፤ በር በተንኳኳ ቍጥር ደንግጣ ትነሣለች። ባሕር የሚያመጣው ኀዘን ይህን የመሰለ ነው።

ለዚህ ነገር አብነት የሚሆን አንድ ታሪክ በአውስትራልያ አገር ተፈጽሟል። ዓመቱ የኢትዮጵያ መሆኑ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ይነገራል።

ሲድኒ የምትባል የአውስትራልያ የጦር መርከብ ነበረች። ይህች መርከብ በ1940 በቀርጤስ ደሴት አጠገብ በሆነው ጦርነት ባርቶሎሜዎ ኮሌዮኒ የተባለችውን የኢጣልያ የጦር መርከብ ያሰጠመች ናት። በኖቬምበር 19 ቀን 1941፥ ማለት በኅዳር 10 ቀን 1934 ዓመተ ምሕረት፥ ወደ ማታ ገደማ በአውስትራልያ ምዕራባዊ ባሕር ስትጓዝ የንግድ መርከብ የምትመስል አንዲት መርከብ አገኘች። ይህም ወር በኢትዮጵያ ምድር ጎንደር ላይ የቀረው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠበት ወር ነው። ያችም መርከብ የሆላንድ ነኝ፥ ስሜም ስትራት ማላካ ነው ብላ በምልክት መለሰች። ነገሩ ግን ውሸት ነበረ። ኮርሞራን የምትባል፥ መድፍዋን ሸሽጋ የንግድ መርከብ የመሰለች የጀርመን የጦር መርከብ ነበረች። ሲድኒ ጠጋ ብላ የምስጢሩን ምልክት አሳዪ ባለቻት ጊዜ የምትሰጠው መልስ አልነበራትም። ወዲያው የጀርመንን ሰንደቅ ዓላማ ሰቅላ ተኰሰች። ሲድኒም መልሳ ተኰሰችና ሁለቱም ክፉኛ ተጐዱ። ሲድኒ በእሳት እየነደደች ቀስ በቀስ ከዓይን ራቀች፤ በሌሊትም የእሳትዋ ብርሃን ጠፋ። በውስጧ ከነበሩት 645 ሰዎች አንድ ስንኳ አልዳነም። ከኮርሞራን ሰዎች ግን ከ300 የሚበልጡት በጀልባ ወጥተው ተማረኩ።

ከጥቂት ቀንም በኋላ ባሕረኞቹ ከጦርነት የተነሣ ጠፍተዋል የሚል ቴሌግራም ለየቤተ ሰቡ ደረሰ። የሆነውን ያየ ወዳጅ ስላልተረፈ የታሪኩ ምስክር ጠላት ብቻ ሆነ። ልጅዋን የገደለው ሰው ስለ ልጅዋ አሟሟት ቢነግራት አምና የምትቀበል እናት ማን ናት? ስለዚህ ወሬው በዛ። አንዳንዱ ሰው ባሕረኞቹ ተማርከው በጃፓን አገር ታስረዋል አለ። ጦርነቱ በ1945 ካለቀ በኋላ ግን ከጃፓን እስር ቤት የተመለሰ የሲድኒ ሰው አልተገኘም። እንዲህም ሆኖ ስንት እናት፥ ስንት ሚስት በጥርጥር አረጀች።

የኮርሞራን አዛዥ ቴዎዶር ዴትመርስ በአውስትራልያ ታስሮ ሳለ የጦርነቱን ነገር በአንድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሸሽጎ ጻፈ። አጻጻፉም እንዲህ ነው፤ ከታተሙት ፊደላት በታች በእርሳስ ጥቃቅን ነጥብ እያኖረ፥ ነጥብ ያለባቸው ፊደላት በተለቀሙ ጊዜ ቃል እንዲሆኑ አደረገ። እንዲያው ለሚገልጠው ሰው መጽሐፉ መዝገበ ቃላት ነው፤ ለሚያውቀው ግን የመርከቢቱ ታሪክ ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ገፍፎ ወርቁን እንዲያወጣ፥ መርማሪዎች ነጥቦቹን ለቅመው ነገሩን አወጡት። ይሁን እንጂ የጠላት ቃል እውነት መሆኑን ማስረዳት የሚችል ባሕር ብቻ ነበረ።

ባሕርም በ2008 መሰከረ። በዚያ ዓመት በማርች ወር፥ የሰጠሙ መርከቦችን በመፈለግ የታወቀው ዴቪድ ሜርንስ የመራው ጓድ መጀመሪያ ኮርሞራንን፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ ሲድኒን አገኘ። ሲድኒ ያለችው ከጠረፉ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በ2,468 ሜትር ጥልቀት ነው። ይህም አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከፍ የምትለውን ያህል ወደ ታች መውረድ ማለት ነው። ሁለቱ መርከቦች ተራርቀው የተገኙት በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምርኮኞቹ የተናገሩት ስፍራም ከተገኙበት ስፍራ ብዙ የራቀ አልነበረም። በ2009 ደግሞ ቴረንስ ኮል የመሩት የምርመራ ጉባኤ ነገሩን ሁሉ መርምሮ የጀርመኖቹ ቃል በዋናው ነገር እውነት መሆኑን ተቀበለ። ስለዚህ በሕይወት የቀሩት ዘመዶች ከ66 ዓመት በኋላ ሬሳ ባይሰጣቸውም ስፍራ ተሰጣቸው። ስፍራውን የሚያውቅ ሰው ፊቱን ወዴት መልሶ እንደሚጸልይ ያውቃልና ይህ ጥቂት ነገር አይደለም።

ከ645ቱ ሰዎች አንዱ ብቻ ወደ የብስ ደረሰ፤ እርሱም በሕይወት አልነበረም። ከጦርነቱ 11 ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1942፥ ክሪስማስ በምትባል ደሴት አጠገብ አንድ ሬሳ የያዘ ተንሳፋፊ የአደጋ ታንኳ ታየ። የደሴቲቱ ሰዎች ጐትተው አውጥተው ሬሳውን አክብረው ቀበሩት። ስሙን የሚናገር ነገር ግን በላዩ አልተገኘም። ወዲያውም ጃፓኖች ደሴቲቱን ያዙአትና የመቃብሩ ስፍራ ተረሳ። በብዙ ድካም የተገኘው በ2006 ነው። በ2008 በኅዳር 10 ቀን፥ መርከቢቱ በጠፋችበት ዕለት፥ በምዕራብ አውስትራልያ በጄራልድተን ከተማ በወታደሮች መካነ መቃብር በክብር ተቀበረ። ነገር ግን ስሙ ገና አልታወቀም ነበርና የሲድኒ ባሕረኛ ከመባል በቀር በድንጋዩ ላይ የሚጻፍ ስም አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር የትውልድ ቈጠራ ነገር ነው። ሊቃውንት ከጥርሱ ዲ ኤን ኤ የሚባለውን የዘር ምልክት አወጡ። ከዚህ ምልክት አንደኛው ክፍል ከእናት ብቻ ይወረሳል። እናት ለወንድ ልጅዋም ለሴት ልጅዋም ታወርሰዋለች፤ ለሚቀጥለው ትውልድ የምታስተላልፈው ግን ሴቲቱ ብቻ ናት። ሌላው ክፍል ደግሞ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ያልፋል። እንግዲህ የሟቹ አጥንት ብቻውን አይናገርም፤ በሕይወት ያለ ወገን መጥቶ ሲመሳከርበት ይናገራል እንጂ። ስለዚህ የትውልድ መርማሪዎች የባሕረኞቹን እናቶች ስም ከመዝገብ እያወጡ፥ ከእናት ወደ አያት፥ ከአያት ወደ አክስት፥ ከአክስትም ወደ አክስት ልጅ እየተሻገሩ በሕይወት ያለውን ዘመድ ፈለጉ። በመጨረሻውም በ2021 በኅዳር 10 ቀን፥ ልክ በ80 ዓመቱ፥ የሰውየው ስም በአደባባይ ተነገረ። ስሙ ቶማስ ዌልስቢ ክላርክ ነው፤ አገሩም ብሪዝቤን ነው። ወላጆቹ ይህን ቀን አላዩም። ወገኑ ግን አየ፤ ስም የሌለውም መቃብር ባለ ስም ሆነ።

እንዲህ ያለ ሥራ በሌላም አገር ተደርጓል። በዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓኖች በፐርል ሀርበር ወደብ ላይ አደጋ በጣሉ ጊዜ ኦክላሆማ የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ተገልብጣ 429 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ማን ማን እንደ ሆኑ ሳይለዩ በሆኖሉሉ ተደባልቀው ተቀበሩ። በ2015 መንግሥታቸው አጥንታቸውን ማስወጣት ጀመረ፤ ዘመዶቻቸውም ለመመሳከሪያ የሚሆነውን የዘር ምልክት ሰጡ። እስከ 2021 ከ350 የሚበልጡት ስማቸውን መልሰው አገኙ። ሊለዩ ያልቻሉት ደግሞ በዚያው ዓመት በዲሴምበር 7 ቀን እንደ ገና በክብር ተቀበሩ።

ነገር ግን ለብዙው ሰው ፍለጋ የሚጀመረው ከአጥንት አይደለም፤ ከወረቀት ነው። በእንግሊዝ የባሕር ኃይል የሞተ ዘመድ ያለው ሰው አስቀድሞ አራት ነገር መያዝ አለበት፤ እነዚህም ሙሉ ስም፥ የአገልግሎት ቍጥር፥ የመርከብ ስምና የሞት ቀን ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የታወቀ እንደ ሆነ ሌሎቹን ይመራል። የአገልግሎት ቍጥሩ ስንኳ ብዙ ይናገራል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቍጥሩ በፊት ያለው ፊደል ባሕረኛው ከሦስቱ ዋና ወደቦች፥ ከፖርትስመዝ ወይም ከቻተም ወይም ከዴቨንፖርት፥ በየትኛው እንደ ተመዘገበ ያሳያል። ከዚህ በኋላ የጦርነት ሙታንን መቃብር የሚጠብቀው ኮሚሽን ያኖረው መዝገብ ይታያል። ይህ ኮሚሽን የተመሠረተው በ1917 ነው፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የሞቱትን 1.7 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች ስም ይጠብቃል። ከዚያም ወዲያ በለንደን በኪው ያለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት አለ።

በዚህ መንገድ ላይ ፈላጊውን የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ። አንደኛው የመርከብ ስም ነው። በመዝገብ ፔምብሮክ ወይም ድሬክ ወይም ፕሬዚደንት የሚል ስም ያገኘ ሰው መርከብ መስሎት የሰጠመችበትን ባሕር ሲፈልግ ዘመኑን ይጨርሳል። እነዚህ ስሞች ግን በየብስ ላይ ያሉ የባሕር ኃይል ሰፈሮች ስሞች ነበሩ። በንግድ መርከብ ላይ መድፍ ለመተኰስ የታዘዙ ብዙ ባሕረኞች በፕሬዚደንት ስም ተመዝግበው ሳለ የሞቱት በሌላ መርከብ ላይ ነው። ሁለተኛው የስም መደጋገም ነው። በ1914 ኤምደን የምትባለውን የጀርመን መርከብ ያሸነፈች ሲድኒና በ1941 የጠፋችው ሲድኒ ሁለት ልዩ ልዩ መርከቦች ናቸው፤ ዓመቱን ያልለየ ሰው የአጎቱን ታሪክ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሦስተኛው የንግድ ባሕረኛና የጦር ባሕረኛ ልዩነት ነው። የንግድ ባሕረኛ በጠላት ቶርፔዶ ቢሞትም በባሕር ኃይል መዝገብ አይገኝም፤ የእነርሱ መታሰቢያ በለንደን በታወር ሂል ነው። የህንድ ባሕረኞች ስም ደግሞ በቦምቤይና በቺታጎንግ ባለው መዝገብ ተጽፏል። አራተኛው የቀን ነገር ነው። ማንም ሳያይ የሰጠመ ሰው የሞት ቀን በግምት ይጻፋልና፥ በሁለት ወረቀት ሁለት ቀን ቢገኝ ወረቀቱ ሐሰት ነው ብሎ መቸኰል አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚገኘው ብዙ ጊዜ በግንብ ላይ የተጻፈ አንድ ስም ብቻ ነው። በፖርትስመዝ፥ በፕሊመዝና በቻተም መቃብር የሌላቸው ባሕረኞች ስም በናስ ተቀርጾ ይታያል፤ በፖርትስመዝ ብቻ ያለው ስም ወደ 25,000 ይጠጋል። የሲድኒም ባሕረኞች ስም በፕሊመዝ ይገኛል። በእነዚህ መታሰቢያዎች አዛዡና ምድጃ የሚያነደው ሰው በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈዋል፤ የሀብትና የትውልድ ልዩነት እንዳይደረግ ኮሚሽኑ ከመጀመሪያው ወስኗልና። በጄራልድተንም ከኮረብታ ላይ ለሲድኒ ሰዎች በተሠራው መታሰቢያ ጕልላት ላይ 645 የብረት የባሕር ወፎች አሉ፤ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ወፍ ነው። የመጣ ዘመድ የትኛው ወፍ የእርሱ ሰው እንደ ሆነ አያውቅም፤ ከመካከላቸው አንዱ የእርሱ መሆኑን ግን ያውቃል።

ሙታንን ለምን ያስነሷቸዋል፥ በሰላም ይረፉ እንጂ የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ ከማክበር የመጣ ነውና አይነቀፍም፤ ግን መፈለግና ማወክ አንድ አይደሉም። በኦክቶበር 14 ቀን 1939 በስካፓ ፍሎው የሰጠመችው ሮያል ኦክ በውስጧ ከ800 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ስፍራዋ የታወቀ ሳለ እንደ መቃብር ተጠብቃ ትኖራለች፥ ያለ ፈቃድም ጠላቂ አይደርስባትም። ሲድኒም ከተገኘች በኋላ በሕግ ተጠብቃ በዚያው ቀርታለች። ዮሴፍ ዐፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡለት ወንድሞቹን አምሏል፤ ጦቢትም በባዕድ አገር የወደቁትን ወገኖቹን እየፈለገ ይቀብር ነበር። አንዱ ዐፅሙ እንዲፈልስ፥ ሌላው ሙታን በወደቁበት እንዲቀበሩ ደክሟል። የሁለቱም መንገድ ልዩ ልዩ ነው፤ የሁለቱም ሐሳብ ግን ሟቹ ወገን እንደሌለው ሰው እንዳይቀር ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1955 ባሕር ኃይል አቋቁማ በምጽዋ ታሠለጥን ነበር፤ ከደጋ የወረዱ ብዙ ልጆችም በቀይ ባሕር አገልግለዋል። በ1990 በምጽዋ በሆነው ጦርነት ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ያ ባሕር ኃይል በ1996 ፈረሰ፤ እንደ ገና መቋቋም የጀመረው ከ2018 ወዲህ ነው። ሰፈር ሲፈርስ መዝገብ ይበተናል። ስለዚህ የባሕረኛው ዘመድ የመንግሥት ወረቀት እስኪገኝ ድረስ ሳይጠብቅ፥ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይሞት፥ የሚያውቀውን መጻፍ አለበት።

ሲጻፍም የአገሩ ስም አወጣጥ ይታሰብ። የኢትዮጵያ ሰው እንደ ፈረንጅ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ የራሱና የአባቱ ስም ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ መቶ ሰው በዚያ ስም ይገኛል። ስለዚህ የአያቱ ስም፥ የእናቱም ስም ከእነ አባትዋ ይጻፍ። ወታደር ቤት የሚያውቀው የዓለም ስሙን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በጸሎት የምታስበው ግን በስመ ክርስትናው ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ካልተጻፉ የወታደር ቤቱ ሰውና የደብሩ ሰው አንድ መሆኑን ከሁለት ትውልድ በኋላ የሚያውቅ አይኖርም። ደግሞም የተወለደበት አጥቢያ፥ የተቀጠረበት ዓመት፥ የመርከቡ ስም፥ የመጨረሻው ደብዳቤ የተጻፈበት ቀን፥ በፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ጽሕፈትም ይመዝገብ። ደብዳቤው ራሱ ከእርጥበትና ከምስጥ ይጠበቅ።

የክላርክን ስም ያስገኘው የእናት ወገን ቈጠራ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት መቍጠር የቆየ ሥርዓት ነው። ይህን ቈጠራ ልጆች የማያስፈልግ የሽማግሌ ጨዋታ አድርገው ትተውታል። ነገር ግን ሊቃውንት በታላቅ ወጪ የደከሙበት ሥራ አያቶች በምድጃ ዳር ሲቈጥሩት የኖሩት ያው ነገር ነው። አክስትን ከእነ ልጆችዋ የሚያውቅ ቤተ ሰብ ከባሕር የተመለሰውን አጥንት ይለያል፤ የማያውቅ ቤተ ሰብ ግን አጥንቱ በደጁ ቢቀመጥም አያውቀውም።

ስለዚህ ለበዓሉ መታሰቢያ ሊደረግ ከሚገባው ሥራ አንዱ ይህ ነው። ደብሩ መቃብራቸው ያልታወቀ የአጥቢያው ልጆች፥ በባሕርም በየብስም የጠፉት፥ የሚጻፉበት አንድ መዝገብ ይክፈት፤ የንስሐ አባቶችም በየቤቱ ሲገቡ ይጠይቁ። ብዙ ወርቅ አይጠይቅም፤ ቀለምና ብራና፥ ወይም ደብተርና ብዕር ይበቃል። ያልታወቀውን ባሕረኛ በ80 ዓመቱ ባለ ስም ያደረገው፥ ከዚህ በፊት አንድ ሰው የእናቱን ስም በአንድ መዝገብ ላይ ስለ ጻፈ ነው። ጸሓፊው ያን ቀን ምን ያህል ሥራ እንደ ሠራ አላወቀም።

የብስንና ባሕርን የፈጠረ አምላክ በጥልቅ ያሉትን ነፍሶች ያሳርፍ፤ የሚፈልጓቸውንም ያጽናና፤ ለደብሩም ሁለተኛውን ኢዮቤልዩ ያድርስ። አሜን።